ብዙ የቆመች፣ ትንሽ የተነዳች ማያታ፦ ችግሩና መፍትሔው

ይህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን ትውልድ ማዝዳ ማያታ፣ ማለትም ከ1990 እስከ 1997 ሞዴል ያለችውን ለገዛ ሰው ነው። በተለይ ደግሞ ማይሏ ትንሽ የሆነችውን። እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያለን ሰዎች ይህችን መኪና እየወደድናት መጥተናል። ቀላል ናት። ጣሪያዋ ይከፈታል። ስትነዷት መንገዱን በእጃችሁ የምትዳስሱት ያህል ይሰማችኋል። ወደ ጋራዥ ስትመጣ ግን አንድ ዓይነት ወሬ ይዛ ነው። «38 ሺህ ማይል ብቻ ነው የሄደችው። ምንም አያስፈልጋትም።»

ያስፈልጋታል። በ30 ዓመት ውስጥ 38 ሺህ ማይል ብቻ ሄደች ማለት ዕድሜዋን ሙሉ ቆማ ኖረች ማለት ነው። ብረት የሚያልቀው በመሄድ ነው። ጎማ፣ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ)፣ ቱቦ፣ ቺንጊያና ፍሬን ዘይት ግን ሄደችም አልሄደችም ያረጃሉ። ዕቃዋ በሰዓቱ እየተቀየረላት 150 ሺህ ማይል የሞላች ማያታ ከዚህችኛዋ ያነሰ ጣጣ ነው ያላት። ሻጩ «ምንም አልተነካችም» ሲላችሁ ደስ አይበላችሁ። መነካት ነበረባት።

ዘይት መለካት፣ የባትሪ ጫፍ ማጽዳት፣ ፊውዝ ማየት የምታውቁት ነው። እሱን አልደግመውም።

የፍሪሲዮን ፔዳል ወለል ላይ ይቀራል፣ ማርሽ አይገባም

ከሁሉም በላይ የማየው ይህን ነው። ቆማ የኖረች ማያታ በገዛችሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ነገር ከተበላሸ እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው ይህን ነው።

ምልክቱ ቀስ ብሎ ይጀምራል። ጠዋት ኋላ ማርሽ ስታስገቡ ይንጫጫል። መብራት ላይ አንደኛ ማርሽ አልገባ ይላል። ፔዳሉን ሁለት ሦስቴ ደጋግማችሁ ስትረግጡት ይገባል። «ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ትንሽ ከብዷል» ብላችሁ መንዳት ትቀጥላላችሁ። ከዚያ አንድ ቀን፣ ብዙ ጊዜ በሥራ መውጫ ሰዓት 495 ሀይዌይ ላይ፣ ፔዳሉ ወለል ይነካና እዚያው ይቀራል።

መንስኤው እንዲህ ነው። ፔዳሉን ከፍሪሲዮኑ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ሳይሆን ፍሬን ዘይት ነው። ሁለት ፖምፓ አለ። የላይኛው ኮፈኑን ስትከፍቱ በሾፌሩ በኩል፣ ሞተሩን ከሾፌሩ በሚለየው ግድግዳ ላይ ነው፤ የራሱ ትንሽ ዘይት መያዣ አለው። የታችኛው ካምቢዮው ጎን ላይ በተሳፋሪው በኩል ተሰቅሏል። ፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ካልተቀየረ እርጥበቱ ይጠራቀምና የፖምፓውን የውስጥ ግድግዳ ይበላዋል። መኪናዋ ዘወትር ስትነዳ ጎሚኒው የሚመላለስበት ቦታ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ቆማ ስትኖር ግን ግድግዳው ይሻክራል፣ ጎሚኒውም ይደርቃል። አዲሱ ባለቤት በየቀኑ መርገጥ ሲጀምር ደረቁ ጎሚኒ ሻካራው ላይ ይፋቃል። ከዚያ በኋላ ብዙ አይቆይም።

የቱ ፖምፓ እንደሆነ ለመለየት መጀመሪያ የዘይት መያዣውን እዩ። ከጎደለ የሆነ ቦታ ይፈሳል። ከታች ገብታችሁ የታችኛውን ፖምፓ የአቧራ መከላከያ ጎማ በጣታችሁ ገለጥ አድርጉት። ጥቁር ዘይት ከወጣ ጥፋቱ እሱ ጋ ነው። ደረቅ ከሆነ ወደ ሾፌሩ እግር ሥር ሂዱ። ከፔዳሉ በላይ ያለው ግድግዳ ወይም ምንጣፉ ከረጠበ፣ ወይም ኮፈኑ ሥር ከፖምፓው ግርጌ ቀለሙ ከተላጠ፣ የላይኛው ነው። ፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፤ ስለዚህ የተላጠው ቦታ የቆየ ማስረጃ ነው። ዘይት ምንም ሳይጎድል፣ መብራት ላይ ረግጣችሁ ስትጠብቁ ፔዳሉ ቀስ እያለ ከሰመጠ ደግሞ የላይኛው ፖምፓ በውስጥ እያሾለከ ነው።

አንዲት እህት ሌላ ጋራዥ «የፍሪሲዮን ሸራው አልቋል፣ ካምቢዮው ይውረድ» ተብላ መጣች። መኪናዋ ገና 31 ሺህ ማይል ነበረች። ይህ ያናድደኛል። ሸራ ሲያልቅ ማርሹ በደንብ ይገባል፤ ነዳጅ ስትሰጡ ግን ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ አትፈጥንም። ማርሽ አልገባ ማለት ደግሞ ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም ማለት ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው። የአቧራውን ጎማ ገለጥ ሳደርገው ዘይቱ እጄ ላይ ፈሰሰ። ካምቢዮው ሳይነካ መኪናዋን በዚያው ቀን ይዛ ሄደች። ማንም ሰው ካምቢዮ ይውረድ ሲላችሁ መጀመሪያ ያችን ትንሽ ጎማ ገልጦ ያሳያችሁ።

አሁን መፍትሔው። ሁለቱንም ፖምፓ አንድ ላይ ቀይሩ። መሃል ላይ ያለችውን አጭር የጎማ ቱቦም ጨምሩ። ሰው የሚከራከረኝ እዚህ ላይ ነው። «የታችኛው ብቻ ነው የፈሰሰው፣ የላይኛውን ለምን?» ይለኛል። ሁለቱም ያረጁት እኩል ነው። የታችኛውን ብቻ ቀይራችሁ አየር ለማስወጣት ፔዳሉን እስከ ወለል ስትረግጡት፣ የላይኛው ጎሚኒ ለዓመታት ረግጦት ወደማያውቅ ሻካራ ቦታ ይገባል። እዚያ ይቀደዳል። ሰውየው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። «አንተ የሠራኸው ነው የተበላሸው» ይላል። ስለዚህ እኔ አንዱን ብቻ አልቀይርም።

የምትገዙት ዕቃ ላይ ደግሞ አትሳሱ። በኢንተርኔት በምሳ ዋጋ የሚሸጡ የታችኛው ፖምፓ ኮፒዎች አሉ። የውስጥ ግድግዳቸው በደንብ ያልተጠረበ፣ ጎሚኒያቸው እንደ ፕላስቲክ የደረቀ ነው። ከሳጥኑ ወጥቶ ገና ዘይት ሲሞላ ያንጠባጠበ አይቻለሁ። አንድ ወንድማችን እንዲህ ያለውን እየገዛ፣ እየፈሰሰ፣ እንደገና እየገዛ በጋውን ጨረሰ። በከፈለው ገንዘብ ኦርጅናሉን ገዝቶ የሚተርፈው ነበር። ኦርጅናል ወይም ስሙ የታወቀ የጃፓን ፋብሪካ ሥራ ግዙ። ጎሚኒ ብቻ ቀይሮ አሮጌውን ፖምፓ መመለስም አይሠራም። ግድግዳው ተበልቷል፤ አዲሱን ጎሚኒም ይበላዋል።

ሥራው ከባድ አይደለም። መኪናዋን በክሪክ አንሱና ካቫሌቶ ላይ አስቀምጧት። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር አትግቡ፤ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። የታችኛው ፖምፓ በሁለት ብሎን ነው የተያዘው። ብሎኖቹን ከመፍታታችሁ በፊት የዘይት መስመሩን ዳዶ አላሉት፤ ፖምፓው ከተፈታ በኋላ ስትታገሉት ቱቦው ይጠመዘዛል። ዳዶው 10 ቁጥር ነው። በተራ ቁልፍ አትንኩት። ዙሪያውን አቅፎ የሚይዝ የቱቦ ቁልፍ ተጠቀሙ። ይህ ዳዶ 30 ዓመት ተቀምጧል፤ በተራ ቁልፍ ጠርዙ ይላጣል። ከተላጠ የብረት ቱቦውም መቀየሩ ነው። ከዋዜማው ጀምራችሁ የዝገት ማላቀቂያ ንፉበት።

አየር ስታስወጡ ሁለት ሰው ሁኑ። አንዱ ፔዳሉን ቀስ አድርጎ ይረግጣል፣ ይይዛል። ሌላው ከታች የአየር ማውጫዋን ብሎን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከዚያ ፔዳሉ ይለቀቃል። ይህ ቅደም ተከተል ከተዛባ አየር ተመልሶ ይገባል። የዘይት መያዣው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይጎድላል፤ ዓይናችሁን አትንቀሉበት። ንጹሕ፣ አረፋ የሌለው ዘይት እስኪወጣ ድረስ ቀጥሉ። ሲያልቅ ፔዳሉ ጫፉ ላይ ትንሽ ልልነት ሊኖረው ይገባል። ምንም ልልነት ከሌለው የፔዳሉ ዘንግ በጣም ረዝሟል፤ ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በግማሽ እየተረገጠ ይኖርና ሸራው ይቃጠላል።

ዘይቱ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ነው። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፤ አትቀላቅሉት። አዲስ የታሸገ ግዙ። ጋራዣችሁ ውስጥ ከአምናው ተከፍቶ የቀረው ጠርሙስ እርጥበት ጠጥቷል፤ ጣሉት። አንድ ሰው ደግሞ ዘይቱ ጎድሎ ሲያየው የመሪ ዘይት ሞላበት። «ዘይት ዘይት ነው» ብሎ። የፍሬን ጎሚኒ የተሠራበት ጎማ የማዕድን ዘይት ሲነካው ያብጣል። ፖምፓዎቹ ተቆለፉ። ቱቦው አበጠ። የብረቱ ቱቦ ሳይቀር መታጠብ ነበረበት። እባካችሁ፣ ክዳኑ ላይ ተጽፏል፤ አንብቡት።

ሁሉም አዲስ ሆኖ፣ ፔዳሉም ጠንካራ ሆኖ ማርሽ አልገባ ካለ፣ የፍሪሲዮን ሸራው ከፍላይዊሉ ጋር በዝገት ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። እርጥብ ጋራዥ ውስጥ ለዓመታት የቆመች ላይ ይከሰታል። ሞተሩን አሙቁት፣ አጥፉት። ፊት ለፊታችሁ ሰውም መኪናም በሌለበት ሰፊ ቦታ ሁለተኛ ማርሽ አስገቡና ፍሪሲዮኑን ረግጣችሁ አስነሷት። መኪናዋ ወዲያው ትሄዳለች። ፍሪሲዮኑን እንደረገጣችሁ ነዳጅ ስጡ፣ ነዳጁን ልቀቁ። ብዙውን ጊዜ ይላቀቃል።

ከነዳችሁ በኋላ አንዱ ጎማ ይግላል፣ መኪናዋ ትጎተታለች

ፍሬኑ ይዞ አልለቀቀም ማለት ነው። ወይ የካሊፐሩ (የፍሬን ሸራውን የሚጨምቀው ክፍል) ተንሸራታች ፒን ደርቋል፣ ወይ ፒስተኑ ዝጓል፣ ወይ የጎማ ቱቦው በውስጥ አብጦ ዘይቱን አልመልስ ብሏል። ለመለየት ቀላል ነው። ጎማውን አንሱና የያዘውን ካሊፐር የአየር ማውጫ ብሎን ከፈት አድርጉ። ዘይቱ ተፈናጥሮ ጎማው በነጻ ከዞረ ጥፋቱ ከላይ ነው፤ ቱቦውን ቀይሩ። ካልዞረ ካሊፐሩ ራሱ ነው።

የኋላ ካሊፐር ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የእጅ ፍሬኑ አሠራር ውስጡ ነው ያለው። ፒስተኑ በጉልበት አይገባም። በመጭመቂያ ገፍተው ውስጡን የሰበሩ ብዙ ካሊፐሮች አይቻለሁ። ከጀርባው መሸፈኛ ብሎን አለ። እሱን ፍቱት። ውስጥ በ4 ሚሊሜትር ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ የሚዞር ብሎን ታገኛላችሁ። ወደ ግራ ስታዞሩት ፒስተኑ ወደ ውስጥ ይገባል። የፍሬን ሸራውን ከገጠማችሁ በኋላ እስኪይዝ ወደ ቀኝ አዙሩት፣ ከዚያ ጎማው በነጻ እስኪዞር ትንሽ መልሱት።

ቱቦዎቹ አራቱም ከፋብሪካ የወጡት ከሆኑ ምልክት አትጠብቁ። ቀይሯቸው። ፍሬን ነው።

በዝናብ ትንሸራተታለች፣ ጎማው ግን አዲስ ይመስላል

ጎማው አዲስ አይደለም። ጎኑ ላይ በ«ዶት» የሚጀምረውን ጽሑፍ ፈልጉ። የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው። 1408 ካለ በ2008 በ14ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የመኪና ምርመራ ላይ የሚለካው የጥርሱ ጥልቀት ነው። ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ያልፋል። ጎማው ግን እንደ እንጨት ደርቋል። ይህች መኪና ቀላል ናት፣ የምትገፋውም በኋላ ጎማ ነው፣ የመንሸራተት መቆጣጠሪያም የላትም። ጎማው ከአስር ዓመት ካለፈው በእርጥብ መንገድ አትንዷት። ከዕድሜው በፊት እንኳ ጎኑ ላይ ስንጥቅ ካያችሁ አውጡት። ለመኪናዋ ሺዎች ከፍሎ ለአራት ጎማ የሚሳሳ ሰው አይገባኝም።

ውሃ ትጎድላለች ወይም ሙቀቷ ይጨምራል

የራዲያተሩን የላይኛውን ፕላስቲክ እዩ። አዲስ ሲሆን ጥቁር ነው። ወደ ቡናማ ከተለወጠ ሊሰነጠቅ ተቃርቧል። ሲሰነጠቅ አያስጠነቅቅም፤ ሀይዌይ ላይ በአንድ ጊዜ ነው የሚፈነዳው። ራዲያተሩን፣ ማኒኮቶዎቹን፣ ተርሞስታቱንና ክዳኑን አብራችሁ ቀይሩ። ከሞተሩ ጀርባ፣ ከግድግዳው በኩል ያሉትን የማሞቂያ ቱቦዎች አትርሱ። እዚያ እጅ ስለማይገባ ሰው ይዘላቸዋል። እዚያ የሚፈሰው ውሃም ወዲያው አይታይም። ሞተሩ ከሞቀ ክዳኑን አትክፈቱ።

የታይሚንግ ቺንጊያው መቀየሪያ 60 ሺህ ማይል ነው። «ገና 40 ሺህ ናት» የሚል ክርክር እዚህ አይሠራም፤ የ30 ዓመት ጎማ ነው። ደግነቱ በዚህ ሞተር ቺንጊያው ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም። መኪናዋ ትቆማለች እንጂ ሞተሩ አይሞትም። ስትቀይሩት የውሃ ፖምፓውንና ከፊት ያሉትን የዘይት ሲሎች አብራችሁ ቀይሩ። አንዴ ተከፍቷልና።

ከሞተሩ ጀርባ ዘይት ይንጠባጠባል

ካምቢዮው ላይ ዘይት ሲታይ ብዙ መካኒክ «የክራንክ ሻፍት የኋላ ሲል ነው» ይላል። ያ ደግሞ ካምቢዮ ማውረድ ነው። መጀመሪያ ወደ ላይ እዩ። ከሲሊንደር ሄዱ ጀርባ የካምሻፍት ማዕዘን ሴንሰር አለ። ውስጡ አንዲት የጎማ ቀለበት ናት። ስትደርቅ ዘይቱ በሞተሩ ጀርባ ወርዶ ካምቢዮው ላይ ያርፋል። ሲታይ ልክ የኋላ ሲል ይመስላል። ቀለበቷ የጥቂት ዶላር ዕቃ ናት። ሴንሰሩ በአንድ ብሎን ነው የተያዘው። ከመፍታታችሁ በፊት ግን የተቀመጠበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ። የሞተሩ የእሳት ሰዓት የሚስተካከለው በእሱ ነው። ምልክት ሳታደርጉ ካወጣችሁት በታይሚንግ መብራት እንደገና ማስተካከል ግድ ይላችኋል።

ትነሳለች፣ ወዲያው ትጠፋለች ወይም ትንቀጠቀጣለች

ታንኩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ስንት ዓመቱ ነው? ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ቆሞ ሲኖር ውሃ ይስባል፣ ይበላሻል። ሽታው እንደ ቫርኒሽ ከሆነ አዲስ ቤንዚን አትደባልቁበት። ሁሉንም አውጡት፣ ፊልትሮውን ቀይሩ። ፊልትሮው ውስጥ ግፊት አለ፤ ሳታስተነፍሱ ከፈታችሁት ቤንዚኑ ፊታችሁ ላይ ይረጫል።

ቤንዚኑ ደህና ከሆነና መኪናዋ የ1.6 ሊትሯ፣ ከ1990 እስከ 1993 ያለችው ከሆነች፣ ከአየር መለኪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ትልቅ የጎማ ቱቦ አውጥታችሁ አጠፍ አድርጋችሁ እዩት። በማጠፊያዎቹ መሃል ይሰነጠቃል። በዚያ የሚገባውን አየር መለኪያው አያውቀውም፤ ስለዚህ ሞተሩ ይጠፋል። ዳገት ላይ የምትርገበገብ ከሆነ ደግሞ የካንዴላ ገመዶቹን ቀይሩ።

ከወንበሩ ኋላ ምንጣፉ ይረጥባል

ከሸራ ጣሪያው የሚወርደው ዝናብ ከወንበሮቹ ኋላ በግራና በቀኝ ባሉ ቀዳዳዎች ወርዶ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት፣ ከመኪናዋ ሥር ይወጣል። ዛፍ ሥር የቆመች መኪና ቀዳዳዎቿ በቅጠልና በአፈር ይደፈናሉ። ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል። የከፋው ደግሞ የበሩ ሥር ያለው ላሜራ ውስጥ ተኝቶ ከውስጥ ያዝገዋል። ከውጭ ሲታይ ቀለሙ ብቻ ያበጠ ይመስላል። በጣት ስትጫኑት ይሰበራል። ለስላሳ የፕላስቲክ ገመድ ቀስ አድርጋችሁ አስገቡ፣ ውሃ አፍስሱና ከሥር ሲወጣ እዩ። በጠንካራ ሽቦ አትውጉ፤ ቱቦው ከውስጥ ይላቀቃል። ከዚያ ችግሩን የፈጠራችሁት እናንተ ናችሁ።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ስትነሳ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ አለ፦ የቫልቭ ሊፍተሮቹ ዘይት አጥተው ነው፤ ንጹሕ ዘይት ቀይሩና ንዷት፣ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል።

ከኋላ ኮፈኑ ውስጥ፣ ባትሪው ሥር ዝገት አለ፦ አንድ ሰው ተራ ባትሪ አስገብቷል። ባትሪዋ የምትቀመጠው እዚያ ስለሆነ ትነቷ ወደ ውጭ በቱቦ የሚወጣ ወይም የታሸገ ባትሪ መሆን አለበት። አሲዱን በቤኪንግ ሶዳ እጠቡ፣ ቀለም ቀቡ።

ማርሽ ሲቀየር ከወለሉ ሙቀትና ድምፅ ይገባል፦ የማርሽ ዘንጉ ሥር ያሉት ሁለት የጎማ መሸፈኛዎች ተቀደዋል።

ካምቢዮው ቀዝቃዛ ሲሆን ሁለተኛ አልገባ ይላል፦ ዘይቱን ጂኤል 4፣ 75 ዳብሊው 90 በሚል የካምቢዮ ዘይት ቀይሩት፣ ለውጡን ታያላችሁ።

የኋላ ፕላስቲክ መስኮቱ ተሰነጠቀ፦ ጣሪያው ሲታጠፍ ዚፑ አልተከፈተም። ሁልጊዜ ክፈቱት። በብርድ ደግሞ ጣሪያውን ጨርሶ አትጠፉት።

የፊት መብራቱ አልነሳ አለ፦ ኮፈኑን ክፈቱ፣ መብራቱን የሚያነሳው ትንሽ ሞተር ላይ በእጅ የሚዞር እጀታ አለ፤ አዙራችሁ አንሱትና ወደ ቤታችሁ ግቡ።

የ1990 ወይም የ1991 መጀመሪያ ከሆነች፣ ሞተሩ እየሠራ ከፊት ያለውን የታችኛውን ፑሊ በባትሪ መብራት እዩት። እጃችሁን፣ የሸሚዛችሁን እጅጌና ክራባት አርቁ። ፑሊው እየተወዛወዘ የሚዞር ከሆነ አጥፏት። በእነዚህ ቀደምት ሞተሮች የክራንክ ሻፍቱ አፍንጫ አጭር ስለሆነ የፑሊው ቁልፍ የሚገባበት ቦታ ይበላል። ታይሚንግ ቺንጊያ ስትቀይሩ የዚያን ብሎን አጠባበቅ በመለኪያ ቁልፍ፣ በማኑዋሉ ቁጥር አድርጉት፤ በአየር መሣሪያ ገጭ አድርጎ የሚሄድ መካኒክ ይህን ሞተር አይንካባችሁ።